ተርብና ንብ፦ የቬስፓ ታሪክ ከፖንቴዴራ እስከ ደብረ ማርቆስ

አሮጌዋን ቬስፓ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭኜ ደብረ ማርቆስ ያስገባሁ ዕለት መጀመሪያ የከበቧት የሰፈር ልጆች ነበሩ። «ዶቅዶቄ! ዶቅዶቄ!» እያሉ ዞሯት፣ መብራቷን ነካኩ፣ ጥሩምባዋን አስጮሁ። ቀጥለው የመጡት አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጎማዋን በዱላቸው መታ መታ አደረጉና «የማን ሥራ ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የጣሊያን ናት አባባ።»

«ስሟስ?»

«ቬስፓ ይሏታል። በእነሱ ቋንቋ ተርብ ማለት ነው።»

ጥቂት አሰብ አደረጉና «ተርብማ ትናደፋለች እንጂ ማር የላት» አሉ። ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ዞር ብለው «ጣሊያን እኮ ያኔ አውሮፕላንም ይሠራ ነበር» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። ኋላ ላይ ሳነብ ግን እኚህ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር የቬስፓን ታሪክ ሁለት ጫፎች ይዘው እንደነበር ገባኝ።

ሌላውን ጫፍ ያሳየኝ አንድ ወጣት የባጃጅ ሾፌር ነው። ቬስፓዋን ገዛኋት እንጂ መንዳት አልችልም ነበር። በልጅነቴ እንደ ብዙዎቻችሁ በሰዓት እየተከራየሁ ሳይክል ነድቻለሁ፤ ሞተር ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ዳር ወዳለ ሜዳ ሁለታችን እየገፋን ወሰድናት። ልጁም ቢሆን በሕይወቱ ቬስፓ ነድቶ አያውቅም። ገና የግራውን እጀታ ሲጨብጥ ግን ፊቱ በራ። «መምህር፣ ይቺ እኮ ባጃጅ ናት!» አለኝ። በግራ እጁ ፍሪሲዮን ያዘ፣ እዚያው እጀታውን ጠምዝዞ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ በቀኝ እጁ ነዳጅ ሰጠ፣ በቀኝ እግሩ ፍሬኑን ፈለገና አገኘው። ሁሉም ነገር እሱ በሚያውቀው ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ አንድ የደብረ ማርቆስ የባጃጅ ሾፌር፣ እሱ ሳይወለድ ጣሊያን አገር የተሠራችን ሞተር ያለ አስተማሪ እንዴት አወቃት? ይህ ጽሑፍ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው

ቬስፓን የሠራው ፒያጆ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1884 በጄኖቫ አካባቢ ሲቋቋም ሥራው የመርከብ የውስጥ ዕቃ መሥራት ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ባቡር ፉርጎ፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላንና ወደ አውሮፕላን ሞተር ተሸጋገረ። በ1920ዎቹ በቶስካና ግዛት ፖንቴዴራ በምትባል ትንሽ ከተማ ፋብሪካ ያዘ። የዚህች ከተማ ስም ወደፊት ከቬስፓ ጋር አብሮ የሚጠራ ይሆናል።

የጎረቤቴ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ከተጠቀመችባቸው አውሮፕላኖች አንዱ ካፕሮኒ 133 ነበር። ወታደርና ስንቅ የሚያመላልስ፣ ቦምብም የሚጥል ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ነው። አካሉን የሠራው የካፕሮኒ ኩባንያ ይሁን እንጂ ሦስቱም ሞተሮች የፒያጆ ነበሩ፤ «ስቴላ» የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው 460 ያህል የፈረስ ጉልበት ያላቸው። በዚያ ጦርነት የጣሊያን አየር ኃይል ከቦምብ አልፎ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ታሪክ መዝግቦታል። ጎጃምም በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት ከሰማይ የሚመጣውን ድብደባ ጠንቅቆ ያውቀዋል። እንግዲህ የእኔን ቬስፓ የወለደው ፋብሪካ፣ የአያቶቻችን ጆሮ በፍርሃት ይለየው ከነበረው ድምፅ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው ማለት ነው።

ይህን ባነበብኩ ማታ በረንዳ ላይ ቆማ ሳያት ያው የወትሮዋ ቬስፓ አልመሰለችኝም። ልሽጣት እንዴ ብዬም አስቤ ነበር። ንባቤን ቀጠልኩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፒያጆ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጭምር ያመርት ስለነበር የፖንቴዴራ ፋብሪካ የጠላት ዒላማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1943 የአጋር ኃይሎች አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ ጀርመኖችም ሲያፈገፍጉ የቀረውን አወደሙት። ጦርነቱ ሲያበቃ ጣሊያን ተሸንፋለች፣ የጦር አውሮፕላን ሥራ ቆሟል፣ መንገዱ ፈራርሷል፣ ሕዝቡ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ ብረት መቅረጽና ሞተር መሥራት የሚያውቁ ሥራ ያጡ ሠራተኞች አሉ። የኩባንያው ወራሽ ኤንሪኮ ፒያጆ ከዚህ ሁሉ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ፦ ለተራው ሰው የሚሆን ርካሽ መጓጓዣ እንሥራ።

የመጀመሪያው ሙከራ አላስደሰተውም። ስለዚህ ሥራውን ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለተባለ መሐንዲስ ሰጠው። ዳስካኒዮ የአውሮፕላን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የሠራት ሄሊኮፕተር ከመሬት 18 ሜትር ከፍ በማለት በጊዜዋ የዓለም ክብረ ወሰን ይዛለች። የሚገርመው ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር። ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ሲተነፍስ መፍታቱ መከራ ነው፣ አቀማመጡም አይመችም ባይ ነው። ሞተር ሳይክል የሚጠላ ሰው ሞተር ሳይክል እንዲሠራ መታዘዙ ነው እንግዲህ ቬስፓን ቬስፓ ያደረጋት።

የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ስለነበር፣ ቬስፓ የተወለደችው ይህች ከተማ ከጣሊያን ነጻ በወጣች በአምስተኛው ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ኤንሪኮ ፒያጆ የመጀመሪያዋን ሲያያት፣ ወገቧ ቀጠን፣ ኋላዋ ሰፋ ያለች፣ ድምፅዋም የሚጥም የሚመስል ጥዝታ ሆኖበት «ተርብ ትመስላለች!» አለ ይባላል። ስሟ እንዲያው ቀረ።

ለምን እንደዚህ ሆነች?

የቬስፓን አካል በቅርብ ላየው ሰው እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ቅሬታ የተሰጠ መልስ ነው።

ሞተር ሳይክል ላይ ለመውጣት እግር አንስቶ መሻገር ግድ ነው። ቬስፓ ላይ ግን መሐሏ ክፍት ስለሆነ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቁጭ ትላላችሁ። ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ቄስ፣ ሁሉም ሳይቸገር ይነዳታል። ከፊት ያለው ሰፊ ጋሻ ጭቃና ነፋስ ይመልሳል። ሞተሩ ከኋላው ጎማ ጎን ተሸጉጦ ጉልበቱን በቀጥታ ስለሚሰጥ ሰንሰለት የሚባል ነገር የለም፤ ሱሪ የሚያጨማልቅ ግራሶም የለም። ማርሹ ወደ እጅ መጣ፤ ጫማ አይፋቅም።

የአውሮፕላኑ እጅ በግልጽ የሚታየው የፊት ጎማዋ ላይ ነው። ሳይክልና ሞተር ሳይክል ጎማቸውን በሁለት ክንድ ግራና ቀኝ ይይዛሉ። ቬስፓ ግን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ ትይዘዋለች። በዚህ ምክንያት ጎማ ሲተነፍስ እንደ መኪና ብሎኖቹን ፈትታችሁ መለዋወጫውን ማስገባት ነው፤ በቃ። አካሏም ቢሆን ቧንቧ ላይ የተሰቀለ ቆርቆሮ አይደለም። ቆርቆሮው ራሱ ታጥፎና ተበይዶ ሸክሙን ይሸከማል። ይህም አውሮፕላን ሠሪዎች ክብደት ለመቀነስ የሚጠቀሙበት ብልሃት ነው።

የመጀመሪያዋ ቬስፓ 98 ሲሲ ሞተርና 3.2 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ከአንድ የ«ስቴላ» ሞተር ጋር ስትነጻጸር ጉልበቷ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ግን በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተመረተች። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባና አስመራ ጎዳናዎች ላይም ትታይ ነበር።

የተርቧ እህት

የጎጃም ሰው ተርብና ንብ አያምታታም። አንደኛዋ ቀፎ ተሰቅሎላት ቤተሰብ ታበላለች፤ ሁለተኛዋ የጣራ ጥግ ይዛ ትናደፋለች። የፒያጆ ሰዎችም ይህንኑ ልዩነት ያሰቡ ይመስላል። ቬስፓ ከወጣች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ያው ዳስካኒዮ የኋላዋን አንድ ጎማ በሁለት ጎማ ተካና የጭነት ሳጥን ጫነባት። ፊቷ ያው ቬስፓ ነው፦ አንድ ጎማ፣ እጀታ፣ በእጅ የሚጠመዘዝ ማርሽ። ሁለት ኩንታል ትሸከማለች። ስሟን «አፔ» አሏት፤ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው። ተርቧ ለመንሸራሸር፣ ንቧ ለሥራ።

ንቧ በርራ ሕንድ ገባች። የባጃጅ ቤተሰብ ንግድ ከነጻነት ማግስት ጀምሮ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ከውጭ እያስገባ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ እዚያው ሕንድ ውስጥ ማምረት ጀመረ። ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሳ አንድ ስኩተር ለማግኘት ሰዎች ተመዝግበው ለዓመታት ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃ ሳይታደስ ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ታሪክ ሊቆም ይችል ነበር፤ ሕንዶቹ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን ለምደውታል። በማግስቱ በራሳቸው ስም «ቼታክ» የተባለች ስኩተር አወጡ። ቼታክ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረ ማሃራና ፕራታፕ የተባለ የሕንድ ንጉሥ ፈረስ ስም ነው። እኛ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን ነገሥታቱን በፈረሳቸው እንደምንጠራው፣ እነሱ ሞተራቸውን በንጉሣቸው ፈረስ ጠሩት። የጣሊያኗ ተርብ የሕንድ ፈረስ ሆነች።

ባለ ሦስት እግሯም አብራ አደገች። ሳጥኑ ወደ መንገደኛ መቀመጫነት ተለወጠ፣ ሸራ ጣራ ተደረገላት፣ ሞተሯም እየተሻሻለ ሄደ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ገብታ በየከተማው ጋሪን ከሥራ አስወጣች። እኛም የኩባንያውን ስም ለተሽከርካሪው ሰጠነው፤ ሌላ ኩባንያ ቢሠራትም ያው «ባጃጅ» ናት። የደብረ ማርቆስ እናት ከገበያ ስትመለስ ጤፏን ይዛ የምትሳፈራት፣ ተማሪ ሲያረፍድ የሚሮጥባት፣ ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት ሐኪም ቤት የምትደርስባት እሷ ናት።

የልጁ ምሥጢር ይኸው ነው። ባጃጅ ሲነዳ የኖረው የቬስፓን ፊት ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ ጫማው እንዲፋቅ ያልፈለገ ጣሊያናዊ ማርሹን ወደ ግራ እጅ አመጣው፤ ያ ውሳኔ በሕንድ በኩል ዞሮ ደብረ ማርቆስ ደረሰና አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔን ለማስተማር በቃ።

ቋንቋችንም ይመሰክራል። ጋራዥ ግቡና ጆሮ ስጡ፦ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። ከጋራዡ ወጥታችሁ ቢሮ ብትሄዱ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ አለ። መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስባችሁ ጎሚስታ ትጠራላችሁ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው ሲባረር ቃላቱ ቀሩ፤ ዛሬ «ጎሚስታ» ሲል ጣሊያን ትዝ የሚለው ሰው የለም። በዓባይ በረሃ በኩል ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የሚያመጣን የመኪና መንገድም በወረራው ዘመን ለጦር ሲባል የተቀየሰ ነው፤ ዛሬ ተማሪውም ነጋዴውም ሙሽራውም ይሄድበታል።

ሜዳው ላይ የተማርኩት ፊዚክስ

ማርሽ መቀየሩን በአንድ ጠዋት ያዝኩት። ችግሩ ሚዛኑ ላይ ነበር። ልጁ ራሱ ሊያሳየኝ ሲነዳ መታጠፊያ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ነው የተረፈው። «ይቺ ደግሞ ባጃጅ አይደለችም!» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ልዩነቱም ጥሩ የፊዚክስ ትምህርት ነው።

ባጃጅ ወደ ግራ ለመታጠፍ እጀታውን ወደ ግራ ማዞር በቂ ነው። ሦስት እግር ስላላት ቆማ ነው የምትታጠፈው። አካሏ ግን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በፍጥነት የታጠፈች፣ በተለይ ሰው የሞላባት ባጃጅ የምትገለበጠውም ለዚህ ነው። ባለ ሁለት እግር ግን ለመታጠፍ ወደምትታጠፍበት ጎን መጋደም አለባት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ 15 ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ ለመዞር 25 ዲግሪ ያህል መጋደም ያስፈልጋል። ዲግሪውን የሚወስነው የፍጥነቱ ካሬ ለኩርባው ሬዲየስና ለመሬት ስበት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ የሰው ክብደት ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ወፍራሙም ቀጭኑም እኩል ይጋደማል።

እንድትጋደም እንዴት ታደርጓታላችሁ? ነገርዬው እዚህ ላይ እንግዳ ይሆናል። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ በስሱ ወደ ፊት ትገፋላችሁ፤ ማለትም ጎማውን ለቅጽበት ወደ ቀኝ ታዞራላችሁ። ጎማው ከሥራችሁ ወደ ቀኝ ሲሸሽ እናንተ ወደ ግራ ትጋደማላችሁ፤ ከዚያ ጎማው ራሱ ተከትሎ ይዞራል። ሳይክል የምትነዱ ሁሉ ይህን ሳታውቁት ታደርጉታላችሁ። ባጃጅ ብቻ የነዳ እጅ ግን ይህን ልማድ አያውቅም። ስለዚህ ያ ቅዳሜ ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ እውቀት ይዘን ነበር የመጣነው፦ እሱ ማርሹን፣ እኔ የልጅነት ሳይክሌን። በሦስተኛው ሳምንት ተለዋወጥን።

መጀመሪያ ሜዳውን ሳልወድቅ የዞርኩባትን ደቂቃ አልረሳትም። ሁለተኛ ማርሽ ገብቷል፣ ነፋሱ ፊቴን ይነካል፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች እያጨበጨቡ ከኋላ ይሮጣሉ። ጎልማሳ ሆኖ አዲስ ነገር መቻል እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ኖሯል። ሰውነት ከአእምሮ ቀድሞ የሚገባው እውቀት አለ፤ ስታገኙት «ገባኝ» አትሉም፣ ትስቃላችሁ።

ከወር በኋላ ደግሞ ክረምቱ ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ የፊት ፍሬን ያዝኩና ተኛሁ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ጎማ የሚይዘው ትንሽ ነው፤ ጎማው ከቆለፈ ደግሞ ሚዛን የሚባል ነገር የለም። የቬስፓ ጎማ ትንሽ ስለሆነም ትልቅ ጎማ የሚዘለው ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ጉልበቴ ተላላጠ፣ ጭንቅላቴን ሄልሜቱ አተረፈልኝ። ጋቢ ለብሳችሁ ለመንዳት ካሰባችሁ ደግሞ ጫፉን ሰብስቡት።

ስስ አየርና ዓባይ በረሃ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ግድም የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ፖንቴዴራ ከባሕር ብዙም ከፍ የማትል ከተማ ስለሆነች የተሠራችው ለወፍራም አየር ነው። እዚያ ስምንት የፈረስ ጉልበት የምትሰጥ ሞተር እዚህ ስድስት ግድም ብትሰጥ ነው። አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ስለሚበዛባት ጥቁር ጭስ ታጨሳለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል። መካኒካችን ይህን በቀመር ባይናገረውም ካንዴላውን ነቅሎ ቀለሙን አየና የካርቡሬተሯን የነዳጅ ማሳለፊያ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ለወጠልኝ። ከዚያ ወዲያ ዳገቱን እየዘፈነች ወጣች።

የጥንቷ ቬስፓ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። የእኔዋ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ትፈልጋለች። ይህ ቀላል ነገር ዓባይ በረሃ ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ነዳጅ ዘግታችሁ በማርሽ ይዛችሁ ብትወርዱ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ነዳጅ ስለማይገባ ግን ዘይትም አይገባም። ፒስተኑ ይደርቃል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይነክሳል፤ የኋላ ጎማ ቁልቁለት ላይ ድንገት ይቆለፋል። መፍትሔው እየወረዱም ቢሆን በየመሐሉ ነዳጅ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ይህን ያስተማረኝ የድሮ ቬስፓ የነዳ ሰው እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

ባለቤትነት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝም በዚህ ነው። ገንዘቤን የከፈልኩ ቀን ሊብሬው በስሜ ሆነ። የእኔ የሆነችው ግን ካንዴላዋን ነቅዬ ማጽዳት፣ ዘይቷን መለካት፣ ድምፅዋ ሲለወጥ «ምን ሆነሽ?» ማለት የጀመርኩ ቀን ነው።

ማሩ የታለ?

የፒያጆንና የባጃጅን ታሪክ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። የቦምብ ጣይ ሞተር ሠሪዎች ፋብሪካቸው ሲፈርስ የቀራቸው በእጃቸው ያለው እውቀት ብቻ ነበር፤ ቬስፓ ከዚያ ወጣች። ሕንዶች ፈቃዱ ሲያበቃ የቀራቸው እጃቸው የለመደው ሥራ ነበር፤ ቼታክ ከዚያ ወጣች። ማሽኑ ከአገር አገር ይሄዳል፤ የሚጸናው በተማረው ሰው ዘንድ ነው።

እኛስ? እኛ ነድተናል፣ ጠግነናል፣ ባጃጅ የሚገጣጥሙ ድርጅቶችም በአገራችን አሉ። አሁን ደግሞ ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተሮችና ባለ ሦስት እግሮችም እየመጡ ነው። ቼታክ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2020 ገደማ በኤሌክትሪክ ተመልሳለች። ባትሪ ስስ አየር አያስጨንቀውም፣ ቁልቁለት ላይም አይነክስም፤ ይህ ለደጋ ከተማ መልካም ዜና ነው። ግን የካንዴላ ቀለም አይቶ የሞተር በሽታ የሚያውቀው የሰፈሬ መካኒክ የባትሪውን ሆድ ማን ይክፈትለት? ማን ያስተምረው? ይህን ዛሬ ካልመለስን ንቧ ትመጣለች፣ ቀፎው ግን የሌላ ሰው ይሆናል። እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምናስተምር ሰዎች ከጋራዡ ጋር የምንገናኝበት ጊዜ አሁን ነው፤ ያ ወጣትና እኔ ሜዳው ላይ እንደተለዋወጥነው፣ እነሱም እኛም ግማሽ ግማሹን ይዘናል።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸውና የተርብና የንቧን ታሪክ፣ የአውሮፕላኑንም ሞተር ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «እና ባጃጇ የዚች እህት ናት በለኛ!» አሉ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ዱላቸውን ለእኔ አቀበሉና የኋላ ወንበሩን በእጃቸው ዳበሱት።

«እስቲ ቀስ ብለህ እቤት አድርሰኝ።»

ጋቢያቸውን ሰበሰብኩላቸው፣ ሄልሜቱን አጠለቅኩላቸው፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ኮብልስቶኑ ደረቅ ነበር።